ብርድም አይደለ፣ ወተትም አይደለ

ላስታ ውስጥ ጎኑን የወጋው ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ብርድን ነው። አይፈረድበትም። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከበላይዋ የቆመው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ በሚጥልበት አገር፣ በተነፈሱ ቁጥር የሚወጋ ጎን፣ ማታ ማታ በላብ የሚያጠምቅ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ሲመጣ «ብርድ መታኝ» ከማለት የቀረበ መልስ የለም። ዝንጅብል ይፈላል፤ ፌጦ ይበጠበጣል፤ ጠበል ይኬዳል። ሳምንታት ያልፋሉ። በመጨረሻ በሽተኛው አቀበቱ ሲያቃተው፣ በአንድ ጎኑ ካልሆነ መተኛት ሲሳነው ጤና ተቋም ይደርሳል። ሐኪሙ ጀርባውን በጣቱ እያንኳኳ ሲወርድ በአንደኛው ጎን ድምፁ ይደፈናል። ሳንባው ውሃ ቋጥሯል።

በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ጤነኛ ሰው ያለው ፈሳሽ ከሁለት ከሦስት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ ሥራውም ሳንባው ሲነፋና ሲሸማቀቅ እንዳይፋተግ ማለስለስ ነው። በበሽታ ጊዜ ግን ከሊትር በላይ ሊጠራቀም ይችላል። በመርፌ ሲቀዳ ብዙውን ጊዜ የገለባ መልክ ያለው ንጹሕ ፈሳሽ ይወጣል። ልብ ሲደክም ውሃ ይቋጠራል፤ ኩላሊትና ጉበት ሲታመሙም እንዲሁ። የሳንባ ምች፣ ካንሰር፣ ቲቢም ያመጡታል። ዓይን ብቻውን እነዚህን አይለይም። ታዲያ ያ ፈሳሽ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ምንድን ነው? መልሱ የተገኘው በአንድ ቀን አይደለም። ታሪኩ ከመቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ፓሪስ ላይ ተጀምሮ ወልድያ ድረስ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርድን መክሰስ የላስታ ሰው ብቻ ልማድ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ ሐኪሞች ምክንያቱ ያልታወቀውን የደረት ውሃ «ከብርድ የመጣ» ብለው በመዝገብ ይጽፉት ነበር። በሽተኛው ዝናብ መትቶት ነበር፤ ላብ ላይ ሳለ ነፋስ አግኝቶት ነበር፤ ምርመራው እዚያ ላይ ያበቃል። ብዙዎቹም ፈሳሹ ደርቆላቸው ድነው ይሄዱ ስለነበር ምክንያቱን የሚጠራጠር ጥቂት ነበር። በ1880ዎቹ ሉዊ ላንዱዚ የተባለ የፓሪስ ሐኪም ይህን ተቃወመ። ከብርድ የመጣ የሚባለው የደረት ውሃ አብዛኛው ቲቢ ነው አለ፤ ድነዋል ተብለው የተሸኙት ሰዎች ከዓመታት በኋላ በሳንባ ቲቢ ታመው ይመለሳሉና። ክርክሩ ጠንካራ ነበር፤ ማስረጃው ግን ገና በእጅ አልገባም።

ማስረጃ የሚገኝበት መንገድ የተከፈተ መስሎ ነበር። ሮበርት ኮኽ መጋቢት 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ የቲቢን ጀርም ማግኘቱን ይፋ አድርጓል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ ፈሳሹን ቀድቶ፣ ቀለም ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ጀርሙን መፈለግ። ሐኪሞች ፈለጉ፤ አላገኙም። ከብዙ በሽተኞች መካከል ጀርሙ በማይክሮስኮፕ የሚታየው በጥቂቶቹ ብቻ ነበር። ዛሬም ቢሆን የደረት ውሃ በቀለም ተነክሮ ሲታይ ከመቶ የቲቢ ሕመምተኞች የአብዛኛዎቹ ውጤት «ጀርም የለም» ነው። ፈሳሹን ጊኒ ፒግ በምትባል ትንሽ እንስሳ ላይ ወግቶ ትታመም እንደሆነ ማየት ይቻል ነበር፤ ይህ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። ጀርሙ ካልታየ፣ ፈሳሹ ውስጥ የሚታየው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ያሳደደው ሰው ስሙ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የሄደ ሰው ሁሉ «ዊዳል ይታዘዝልህ» ተብሎ ያውቃል። ለታይፎይድ የሚደረገው ያ የደም ምርመራ ስሙን ያገኘው ከፈርናንድ ዊዳል ነው። ዊዳል በ1862 አልጄሪያ ውስጥ ዴሊስ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደ፤ ፓሪስ ተምሮ እዚያው ሐኪም ሆነ። የታይፎይዱን ምርመራ ያሳወቀው በ1896፣ ማለትም በአድዋ ድል ዓመት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1900፣ ከተማሪው ከፖል ራቮ ጋር ሆኖ ስለ ደረት ውሃ ለፓሪስ የሥነ ሕይወት ማኅበር አዲስ ነገር አቀረበ። የመጀመሪያው ሥራው በየክሊኒካችን ሲጠራ ይውላል፤ ሁለተኛውን የሚያነሣው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ዘዴው ለማንም የሚቻል ነበር። የተቀዳው ፈሳሽ ቶሎ ስለሚረጋ በመስታወት ዶቃዎች እየተናጠ የሚረጋው ክር ይወጣለታል። የቀረው በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፤ ሴሎቹ ከታች ይዘቅጣሉ። ዝቃጩ በስላይድ ላይ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ቀለም ይነከራል። ከዚያ ቆጠራ ነው። ፓውል ኤርሊኽን የመሰሉ ጀርመኖች ከዚያ በፊትም የደረት ውሃ ሴሎችን ቀለም ነክረው ተመልክተዋል፤ ዊዳልና ራቮ የጨመሩት የትኛው ዓይነት ሴል እንደሚበዛ ቆጥሮ፣ የቁጥሩን መልክ ከበሽታው ጋር ማጋጠምን ነው።

ሦስት መልክ አገኙ። በሳንባ ምችና ያንን በመሰሉ ድንገተኛ ሕመሞች ፈሳሹን የሚሞሉት ኒውክለሳቸው የተከፋፈለ ነጭ የደም ሴሎች፣ ኒውትሮፊሎች ናቸው። በልብና በኩላሊት ድካም ጊዜ የሚበዙት የደረትን ክፍተት ከውስጥ ከሸፈነው ስስ ልባስ ተልጠው የወደቁ ትልልቅና ሰፋፊ ሴሎች ናቸው። «ከብርድ የመጣ» በተባለው ውሃ ውስጥ ግን በየስላይዱ አንድ ዓይነት ሴል ብቻ ሞልቶ ተገኘ፦ ትንሽ፣ ክብ፣ ኒውክለሱ ገላውን ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሊምፎሳይት። ቲቢ መሆኑ በሌላ መንገድ በተረጋገጠባቸው በሽተኞችም ላይ ያው መልክ ታየ። ላንዱዚ ያጣው ማስረጃ ይህ ነበር። ብርዱ ከመዝገብ ወጣ፤ ቲቢ ገባ።

ግን ለምን ሊምፎሳይት? ዊዳል አላወቀም። ከእርሱ በኋላም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያወቀ አልነበረም። ሴሉ ሲታይ ሥራ ፈት ይመስላል፤ ኒውትሮፊል ጀርም ሲውጥ ይታያል፣ ይህኛው ግን ምንም ሲሠራ አይታይም። ነገሩን የለወጠው ኦክስፎርድ ላይ በአይጦች የሠራው ጄምስ ጎዋንስ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሊምፎሳይቶች ከደም ወደ እጢዎች፣ ከእጢዎች መልሰው ወደ ደም ሲዘዋወሩ እንደሚኖሩ አሳየ። ቀጥሎም እነዚህን ሴሎች ከአይጧ አካል ለቀናት እየቀዳ ቢያወጣቸው አይጧ ለአዲስ ባዕድ አካል የምትሰጠው የመከላከል ምላሽ እንደሚዳከም አረጋገጠ። በ1961 ዣክ ሚለር ለንደን ውስጥ ከደረት አጥንት በስተጀርባ ያለው ታይመስ የተባለ እጢ ለእነዚህ ሴሎች አስፈላጊ መሆኑን ገለጠ። ከዚያ የመነጨው ወገን ዛሬ ቲ ሴል ይባላል። ሥራ ፈት የተባለው ሴል የሰውነት መከላከያ ትዝታና መሪ ሆኖ ተገኘ።

አሁን የፓሪሱ እንቆቅልሽ ተፈታ። በቲቢ ምክንያት የሚመጣው የደረት ውሃ በአብዛኛው ከሳንባ ጠርዝ ያመለጡ ጥቂት ጀርሞች በልባሱ ላይ ሲያርፉ፣ ቀድሞ ያወቋቸው ቲ ሴሎች የሚያስነሡት ቁጣ (ብግነት) ነው። እሪታ ሰምቶ እንደ ወጣ የሰፈር ሰው ሊምፎሳይቱ ግቢውን ይሞላዋል፤ ሌባው ግን አንድ ወይም ሁለት ነው፣ በሕዝብ መካከል አይታይም። ፈሳሹ ውስጥ ጀርም የሚታጣው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ኒውትሮፊሎች ሊቀድሙ ይችላሉ፤ ከዚያ ሊምፎሳይቶች ይተኳቸዋል። ላስታ ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ የሚመጣ በሽተኛ ፈሳሹ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሊምፎሳይት በዛ ማለት ቲቢ ነው ማለት አይደለም። ሊምፎማ የተባለው የሊምፍ እጢ ካንሰርም ፈሳሹን በሊምፎሳይት ይሞላዋል። ከጡት፣ ከሳንባና ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰርም ሊምፎሳይት ያበዛል። የሊምፍ ቧንቧ ተቀድዶ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ሲጠራቀም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ደረት ሲነካ፣ ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የቆጠራው ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ አለው፤ ሴሎቹ ስንት ናቸው ብቻ ሳይሆን ምን ይመስላሉ? በቲቢ ጊዜ ሊምፎሳይቶቹ ትናንሾች፣ የበሰሉ፣ ጥቂት የተነቃቁ ተለቅ ያሉም የተቀላቀሉባቸው ናቸው። በሊምፎማ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ ይደጋገማል፦ ኒውክለሱ የተሰነጠቀ ወይም የተጨማደደ፣ ውስጡ ጎልቶ የሚታይ ነጥብ ያለው። ቀስ ብሎ የሚያድገው የሊምፎማ ዓይነት ግን ጤነኛ ሊምፎሳይትን መስሎ ባለሙያውን ያታልላል። በዚህ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ የሴሎቹን የላይ ምልክት የሚለይ ምርመራ ወይም የልባሱ ቁራጭ ያስፈልጋል።

ተከታዮቹ አሥርት ዓመታት ለቆጠራው ረዳቶች ሰጡት። በ1972 አሜሪካዊው ሪቻርድ ላይትና ባልደረቦቹ የፈሳሹን ፕሮቲንና ኤልዲኤች የተባለ ኢንዛይም ከደሙ ጋር እያነጻጸሩ፣ ውሃው ከልብና ከኩላሊት ድካም የመጣ ነው ወይስ ከቁጣ ሕመም የሚለውን የሚለይ መስፈርት አወጡ። የፈሳሹ ፕሮቲን ከደሙ ፕሮቲን ግማሽ በላይ ከሆነ ልባሱ ታሟል ማለት ነው። በ1978 የጣሊያን ተመራማሪዎች ኤዲኤ የተባለ፣ ሊምፎሳይት ውስጥ የሚበዛ ኢንዛይም በቲቢ ውሃ ውስጥ ከፍ እንደሚል አሳወቁ። በ1980 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት ዊዳልን የሚያስታውስ ነገር አጠናከረ፦ በቲቢ ውሃ ውስጥ እነዚያ ተልጠው የሚወድቁት የልባስ ሴሎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ቁጣው ልባሱን ስለሚሸፍነው መልጦ የሚጥለው ያጣል። የልባሱ ሴሎች ከመቶ አምስት ካለፉ ቲቢ የመሆኑ ዕድል ያንሳል፤ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ግን ይህ ደንብ ይላላል። የሌለውን ሴል ማስተዋል ያለውን ከመቁጠር እኩል ዋጋ ያለው ሆነ።

የዓለሙ ታሪክ እዚህ ሲደርስ የኢትዮጵያው እንቆቅልሽ ይጀምራል። በዓለም ላይ ከሳንባ ውጪ የሚገኘው ቲቢ ከጠቅላላው ከስድስት አንድ ገደማ ነው። በኢትዮጵያ ከሚመዘገበው ግን ሲሶ ያህሉ ከሳንባ ውጪ ነው፤ በዚያ ውስጥ ግንባር ቀደሙ የአንገት እጢ ቲቢ ሲሆን የደረት ውሃም ይከተላል። ኤችአይቪ ነው እንዳይባል አንገታቸው ካበጠው ብዙዎቹ ቫይረሱ የለባቸውም። ታዲያ ምንድን ነው?

መልስ ለመስጠት የፈጠነው ጥርጣሬ በወተት ላይ አረፈ። የከብት ቲቢ ጀርም፣ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ፣ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ሲገባ በጉሮሮ በኩል የአንገት እጢን እንደሚያሳብጥ ከአውሮፓ የወተት ማፍላት ዘመን በፊት የታወቀ ነው። በደጋው አገራችን ደግሞ ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ያልፈላ ወተት ይጠጣል፤ በከብቶችም ላይ በሽታው አለ። ነገሩ ሁሉ የተገጣጠመ ይመስላል፤ ብርዱ በፓሪስ የተገጣጠመ የመሰለውን ያህል።

መፈተኑ የተጀመረው በመርፌ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው፣ በ1970 በተመሠረተው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ዙሪያ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ማዕዘናት የቲቢ ናሙና ሰበሰቡ። ከሳንባ በሽተኞች አክታ፣ አንገታቸው ካበጠው ደግሞ በቀጭን መርፌ ከእጢው የሚቀዳ ጠብታ። የጠብታው ዕጣ ሁለት ነው። ግማሹ ስላይድ ላይ ተቀብቶ በፓቶሎጂ ባለሙያ ይታያል፤ ሊምፎሳይቶች፣ ከእነርሱ ጋር ተቃቅፈው የሚገኙ ረዘም ያሉ ሴሎችና የሞተ አይብ መሰል ዝቃጭ ከታዩ ቲቢ ይጠረጠራል። ሌላው ግማሽ ጀርሙ እንዲበቅል ለሳምንታት በእንቁላል በተሠራ መኖ ላይ ይቀመጣል። ከናሙና መሰብሰቢያዎቹ አንዱ የሰሜን ወሎ ዋና ከተማ ወልድያ ነበረች፤ ከላስታ ደጋ በጋሸና የሚወርደው መንገድ የሚያደርሰው እዚያ ነው።

ውጤቱ በ2013 ወጣ። ረቡማ ፍርድሳ፣ ስቴፋን በርግ፣ አብርሃም አሰፋና ባልደረቦቻቸው 964 ናሙናዎችን በዘረመል ለይተው ነበር። የከብቱ ጀርም ድርሻ ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ተገኘ። በሳንባና በአንገት እጢ ያሉት ጀርሞችም የሚለያዩ አልነበሩም፤ ሁለቱንም ያሳመመው ያው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ቲቢ ነው። ወተቱም ነጻ ወጣ።

በዚያው ሥራ ውስጥ ማንም ያልፈለገው ነገር ተገኘ። እስከዚያ ጊዜ የዓለም የሰው ቲቢ በስድስት ታላላቅ የዘር ሐረጎች ይከፈል ነበር። ከኢትዮጵያ ናሙናዎች አንዳንዶቹ ከስድስቱ የትኛውም ውስጥ አልገቡም። እነዚህ ጀርሞች በብዛት የተገኙት ወልድያ አካባቢ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የፈረንሳይ ተመራማሪዎችም ከጅቡቲና ከጎረቤቶቿ በተሰበሰቡ ናሙናዎች መካከል ከቲቢ የዘር ሐረግ ሥር አጠገብ የተገነጠለ ጥንታዊ ቅርንጫፍ ማግኘታቸውን ጽፈው ነበር፤ በ2013 ደግሞ በላይ ተሰማና ባልደረቦቹ ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ አዳዲስ ሐረጎችን ዘገቡ። ነገሩ ተጋጠመ። ሰባተኛው የዘር ሐረግ ተብሎ ተመዘገበ። ከጥንታዊዎቹና ከዘመናዊዎቹ ሐረጎች መካከል የቆመ፣ ከኢትዮጵያ ሰሜናዊ ደጋና ከዚያ ከወጡ ሰዎች በስተቀር ብዙም የማይገኝ ጀርም ነው። በ2016 ሙሉ ዘረመሉን ያጠኑ ተመራማሪዎች «ኤቲዮፕስ ቬተስ»፣ ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ፣ ተብሎ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ።

የዚህ ጀርም ጠባይ ላስታን በቀጥታ ይመለከታል። በላቦራቶሪ ሲበቅል ከሌሎቹ የዘገየ ነው። ሰለሞን አበበ ይመርና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል የሳንባ ቲቢ ሕመምተኞችን አጥንተው በ2015 እንዳሳወቁት፣ ሰባተኛው ሐረግ የያዛቸው ሰዎች ሕክምና ለመፈለግ ከሌሎቹ የበለጠ ይዘገያሉ። ዝግ ያለ ጀርም ዝግ ያለ ሕመም ያመጣ ይሆናል፤ ሕመሙ ሳይጠና ሰው ከሥራው አይቀርም። ይህ ማለት ግን የአንገቱ እንቆቅልሽ ተፈታ ማለት አይደለም። በዚያው በ2015 ከ11 ጤና ተቋማት የተሰበሰቡ 953 የሳንባና 1,198 የአንገት እጢ ሕመምተኞች ተነጻጽረው አንድም ዋና ምክንያት አልተገኘም። ከእንስሳት ጋር የዘወትር ንክኪ በአንገት እጢ ሕመምተኞች ላይ በዝቶ ታይቷል፤ ከእነርሱ ግን አንድም የከብት ጀርም አልወጣም። ጥያቄው ክፍት ነው።

ክፍት ያልሆነው ነገር ሐኪሙና የላቦራቶሪ ባለሙያው ዛሬ ሊሠሩት የሚችሉት ነው። ለዊዳል ቆጠራ የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፕ፣ ሴንትሪፊዩጅ፣ ስላይድና የራይት ወይም የጊምሳ ቀለም ነው፤ እነዚህ ሁሉ ደም የሚመረምር ላቦራቶሪ ውስጥ አሉ። ፈሳሹ እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ባለበት ብልቃጥ መቀበል፣ ሴሎቹ ሳይበላሹ በሰዓታት ውስጥ መቁጠር፣ ቢያንስ መቶ ሴል በየዓይነቱ መለየት፣ የልባስ ሴሎችን መኖር አለመኖር መጻፍ ይበቃል። ጀርሙን የሚፈልገው ጂንኤክስፐርት የተባለ ማሽን ትልቅ ርዳታ ነው፤ ጀርሙ ጥቂት በሆነበት የደረት ውሃ ላይ ግን ብዙዎቹን ያልፋል። «ጂንኤክስፐርት አላሳየም» የሚለውን ወረቀት ብቻ ይዞ ቲቢን መካድም፣ «ሊምፎሳይት በዝቷል» የሚለውን ብቻ ይዞ ሊምፎማን ሳይጠረጥሩ የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት መጀመርም ሁለቱም ስሕተት ነው። መድኃኒቱ ተጀምሮ ፈሳሹ ካልቀነሰ፣ የበሽተኛው ክብደትም ካልተመለሰ መርፌው እንደገና መግባት አለበት።

ለአንባቢም የሚቀር ቃል አለ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ጎን፣ ማታ የሚያልበው ሰውነት፣ አንገት ላይ የማያምና እያደገ የሚሄድ እብጠት ብርድ አይደለም። ጠበሉም ዝንጅብሉም ሐኪም ቤት መሄድን አይከለክሉም። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ከደረትዎ ውሃ ከተቀዳ ደግሞ ሳያፍሩ ይጠይቁ፦ ሴሎቹ ተቆጥረዋል? የትኛው በዛ?